የመናኸሪያው ኮሮጆ

ጋሽ ጡሩምባ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የአውቶቡስ ረዳቶች ናቸው። ስሙ ከተለጠፈባቸው በኋላ እናታቸው ያወጡላቸውን የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። እሳቸውም ቅር አላላቸውም፤ ሥራቸው ነዋ። መናኸሪያው መሃል እስከ ወገቧ ቆርቆሮ፣ ከወገቧ በላይ መስታወት የሆነች ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያች ውስጥ ተቀምጠው የትኛው አውቶቡስ እንደሚነሳ፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደተበላሸ፣ የማን ልጅ ከእናቱ ተለይቶ እንደሚያለቅስ በድምፅ ማጉያ ይናገሩ ነበር።

ሌላ ቦታ ያለ ተጣሪ ባዶ አውቶቡስ አስቁሞ «ሞላ! ሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሰው ያጠምዳል። ጋሽ ጡሩምባ ይህን ከስርቆት ለይተው አያዩትም። ከክፍላቸው ወጥተው፣ አውቶቡሱ ድረስ ሄደው፣ ሾፌሩ መሪውን መያዙን በዓይናቸው ሳያዩ ማይኩን አይከፍቱም። ስለዚህ «ሊነሳ ነው» ሲሉ ሰው የጎረሰውን ሳያላምጥ ይሮጣል። ረዳቶቹም «ጋሽ ጡሩምባ ሞተሃል ካሉህ አትከራከር፤ ገብተህ ተኛ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

እህታቸው የመናኸሪያው በር ላይ ሻይ ቤት ነበራት። እናታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረችና ያሳደጓት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ግቢ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። ምላሷ ምላጭ ነው። ደንበኛ «ሻይሽ ቀዝቅዟል» ካላት «አንተ ስታወራ ነው የቀዘቀዘው፤ ሲመጣ ይፋጅ ነበር» ትለዋለች።

የፋኖስ ፓርቲ የተወለደው በዚች ሻይ ቤት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ሊቀመንበሩ ያኔ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ጥግ ላይ የሚቀመጥ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ ያለቀ ጠበቃ ነበር። ጋሽ ጡሩምባ «አንተ ልጅ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ፓርቲው ትንሽ ነው፤ በሌላው ሰፈር ሰው የምርጫ ወረቀቱ ላይ የፋኖሷን ሥዕል ሲያይ «ይቺ ደግሞ ምንድናት?» ይላል። የመናኸሪያው ሰፈር ግን ሌላ ነው። ምልክቱ ትራክተር የሆነው ትልቁ ፓርቲ መናኸሪያውን አፍርሶ ከከተማ ውጭ እንደሚወስደው ሳይደብቅ ሲናገር ኖሯል። ፋኖስ ደግሞ «ከቦታው አይነሳም» ብሎ የቆመ ነው። ሾፌሩ፣ ተሸካሚው፣ ቲኬት ቆራጯ፣ ሱቅ ያለው ሁሉ እንጀራው እዚያች ግቢ ውስጥ ነውና በየምርጫው የመናኸሪያው ኮሮጆ ሲከፈት የሚወጣው ፋኖስ በፋኖስ ነበር። ጋሽ ጡሩምባ በሕይወታቸው የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ይህ ኮሮጆ ነው። ድምፄን ሰምቶ፣ ቃሌን አምኖ የመጣ ድምፅ ነው ይላሉ።

ከዚያ ትራክተር ብቻውን መንግሥት ለመመሥረት ጥቂት ወንበር የጎደለበት ምርጫ መጣ። የጎደለችውን ያህል ወንበር ደግሞ ፋኖስ ይዟል። ትራክተር የፋኖስን በር አንኳኳ። ሊቀመንበሩም አባላቱን ሊጠይቅ ሻይ ቤት መጣ፤ በዚያን ቀን ሣጥኑ ላይ አልተቀመጠም፣ ወንበር ቀረበለት። የፋኖስ ደንብ እጅ አውጥቶ መወሰን ነው። እኛ ከሰው የምንደብቀው የለንም እያሉ ይኩራሩበት ነበር።

«ከትራክተር ጋር? ይረግጠናል እኮ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ውጭ ቆመን ስንጮህ አረጀን» አሉ ጋሽ ጡሩምባ። «አሁን ሾፌሩ አጠገብ ወንበር ሰጡን። እምቢ ብለን በእግራችን እንሂድ?»

«ሾፌሩ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ሥራው ሾፌሩ እንዳይተኛ ማውራት ነው» አለች እህታቸው፣ ብርጭቆ እያጠበች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቢሆንም ጋሽ ጡሩምባ እጃቸውን ሲያወጡ ሌላውም አንድ በአንድ አወጣ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ «እሳቸው ካወጡማ» ብሎ ክርኑን እስከ ግማሽ አነሳ።

ሊቀመንበሩ የትራንስፖርት ሚኒስትር ተብሎ ተሾመ። ሰፈሩ ልቡ ቅቤ ጠጣ። መናኸሪያው ከእንግዲህ በልጃችን እጅ ነው፣ ማን ይነካዋል ተባለ። ጋሽ ጡሩምባ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ደውለው፣ ምላሳቸው ሳያስቡት «እንኳን ደስ ያለዎት» አለ። ሚኒስትሩም «ኧረ ጋሼ፣ አንተ ይበሉኝ» አላለም።

ዓመት ሳይሞላ ሜትር የያዙ ሰዎች አጥሩ ጥግ ሲለኩ ታዩ። ወሬ ተነሳ። ያን ሰሞን እህታቸው ሻይ ቤቷን የሚገዛ ሰው አግኝታ ነበር፤ ሸጣ ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ለመያዝ አስባለች። ማልዳ ወደ መስታወቷ ክፍል መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይነሳል ወይስ አይነሳም? ሰውየው ዛሬ መልስ ይፈልጋል።»

«እጠይቅልሻለሁ።»

«አንተ አይቼዋለሁ ካልክ እቀመጣለሁ። ካላየህ እሸጣለሁ።»

ደወሉ። ሚኒስትሩ ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። ደግመው ደወሉ። በመጨረሻ ራሱ አነሳ፣ ድምፁ የቸኮለ ነው።

«አይነሳም በሏቸው፣ ጋሼ። እኔ እዚህ ተቀምጬ?» አለና ዘጋው።

ጋሽ ጡሩምባ ስልኩን አስቀምጠው ማይኩን ከፈቱ። አውቶቡስ በሚያስነሱበት በዚያው ድምፅ፣ በዚያው እርጋታ፣ «መናኸሪያው ከቦታው አይነሳም» አሉ። ደገሙት። «መናኸሪያው ከቦታው አይነሳም።» ከተቀጠሩ ጀምሮ በዓይናቸው ያላዩትን ነገር በዚያ ማይክ ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ልጁን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ እንዳየሁት ይቆጠራል ብለው ነበር። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ሻንጣ ተሸካሚው ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረ። እህታቸው ገዢውን «ሂድ የኔ ወንድም፣ ሌላ ቦታ ፈልግ» ብላ መለሰችው፤ የያዘቻትንም ጥሪት አውጥታ የሻይ ቤቷን ጣሪያ አሳደሰች።

ክረምቱ እንደወጣ ዶዘር መጣ።

ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ጡሩምባን ጠርቶ ሰው ዕቃውን እንዲያወጣ በማጉያው እንዲናገሩ አዘዛቸው። ተናገሩ። ከሱቅ የወጣ አንድ ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ይሄንንስ አይተውት ነው ወይስ ነግረውዎት?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። የሳቁት የዶዘሩ አካፋ የመጀመሪያውን ሱቅ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ብርጭቆውን፣ ወንበሩን፣ ምጣዱን ተሸክሞ ይሮጥ ጀመር። የእህታቸው አዲስ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተጨማድዶ ወደቀ። ጋሽ ጡሩምባ አንድ አግዳሚ ወንበር ሊያወጡላት እጃቸውን ሲዘረጉ «ተወው» አለቻቸው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ምላሷን ለሚያውቅ ይህ ከስድብ ይከፋል።

ማታ በቴሌቪዥን ሚኒስትሩ ከትራክተር መሪ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ የአዲሱን መናኸሪያ ሪባን ሲቆርጥ ታየ። «ጥምረት ማለት ኃላፊነትን መጋራት ነው» አለ፤ ኮቱ አዲስ ነበር። አዲሱ መናኸሪያ መነሻውን በመብራት ሰሌዳ ስለሚጽፍ ተናጋሪ አላስፈለገውም። ጋሽ ጡሩምባ በጡረታ ተሸኙ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ለጥምረቱ እጁን ያወጣ ሰው ጠፋ። አንዱ በዚያን ቀን ታምሜ ነበር ይላል፣ ሌላው ስብሰባውን ጨርሶ አልሰማሁም ይላል። ፀጉር አስተካካዩማ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ እኮ ያን ቀን ብብቴን ነው ያከኩት» አለ። የሁሉም ጣት የሚያመለክተው ወደ አንድ ሰው ነው። ሚኒስትሩ ሩቅ ነው፣ መኪናው መስታወቱ ጥቁር ነው። ጋሽ ጡሩምባ ግን በየቀኑ ዳቦ ሊገዙ በዚያው መንገድ ያልፋሉ።

ምርጫ ደረሰ። ለሰፈሩ ምክር ቤት ወንበር ፋኖስ ዕጩ አጣ። የተጠየቀው ሁሉ ጉልበቱን አመመው፣ ልጁን ዳረ፣ አገር ቤት ሄደ። ጋሽ ጡሩምባ «እኔ እቆማለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ቤትህ ተቀመጥ» አለቻቸው እህታቸው፣ ልብስ እያሰጣች።

«ኮሮጆው የኛ ነው። በአንድ ሰው ጥፋት ፋኖስን አይጥሉትም። ደግሞ ያውቁኛል።»

«ችግሩ እሱ ነው እኮ፤ ያውቁሃል።»

አልሰሟትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳባቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ ያ ኮሮጆ ሲከፈት እንደ ድሮው ፋኖስ እንዲወጣ። ያ ከሆነ ሰው ይቅር ብሎኛል ማለት ነው፣ ቃሌ ቃል ሆኖ ይቀጥላል ማለት ነው። ካልሆነም... ካልሆነ የሚለውን አላሰቡትም።

ሱፋቸውን አስተኩሰው፣ ከፓርቲው ቢሮ የተላከላቸውን የቅስቀሳ ወረቀት በብብታቸው ይዘው ወጡ። ወረቀቱ ላይ ፋኖሷ አለች፤ ከፋኖሷ በላይ ፈገግ ያለ የሊቀመንበሩ ፎቶ። መጀመሪያ የገቡት ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ በአንድ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ሦስት ደንበኞች ነበሩት፣ አንደኛው ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል።

«ይግቡ፣ ይግቡ፣ ክቡር ዕጩ! ፀጉር ነው ወይስ ድምፅ? ፀጉር ከሆነ ወንበር አለ።»

«ድምፅ ነው» አሉ ጋሽ ጡሩምባ፣ ቀጥ ብለው ቆመው።

«ፋኖሱ ጋዝ አለቀበት እንዴ? ወይስ ትራክተሩ ጠጣበት?»

ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ «ተሳስቻለሁ» አሉ። «ያላየሁትን ተናግሬያለሁ። ጥፋቱ የኔና የአንድ ሰው ነው፤ የፋኖስ አይደለም። ፋኖስ ይህን ሰፈር የሚጠብቅለት ነበር፣ ወደፊትም ይጠብቃል። ሊቀመንበሩም ቢሆን ተጭነውት እንጂ ወዶ አይደለም። በዚህ ምርጫ ከጥምረቱ ወጥቶ ብቻውን እንደሚቆም ነግረውኛል።»

ሦስቱ ደንበኞች ተያዩ። አረፋ የተቀባው ሰው ምላጩን በእጁ ገፋ አድርጎ ተነሳ።

«ማን ነገረዎት?»

«ከቢሮ ነው የሰማሁት።»

«ኧረ የኔ ጌታ!» የሰውየው ጥርስ በአረፋው መሃል ታየ። «አልነገሯቸውም! እንዴ፣ አልነገሯቸውም እኮ!»

ፀጉር አስተካካዩ ክንዳቸውን ይዞ፣ እንደ ዓይነ ስውር እየመራ፣ ወደ በሩ አወጣቸው። ማዶ ግንብ ላይ ከጠዋት የተለጠፈ ትልቅ ፖስተር ነበር። ያው ፈገግታ፣ ያው ኮት፣ ያው ሊቀመንበር። ከሥሩ ያለው ምልክት ግን ትራክተር ነው። ሚኒስትሩ በዚህ ምርጫ፣ በሌላ ሰፈር፣ የሚወዳደረው በትራክተር ሆኗል።

«ይሄንን በዓይንዎ ይዩት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እንደ ልማድዎ።»

ጋሽ ጡሩምባ አዩት። ብብታቸው ሥር ያለውን ወረቀት ወደ ኋላቸው ሊደብቁ ሞከሩ፤ ግን ብዙ ነውና ከፊሉ አምልጦ መንገዱ ላይ ተበተነ። ሊቀመንበሩ ከመሬትም ከግንብም ፈገግ አለባቸው። ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ ከኋላቸው ጋራዡ በሳቅ ይንፈቀፈቅ ነበር። የረዳቸው የለም።

ከዕጩነት ይወጣሉ ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም፤ አልወጡም። ቀሪውን ሰሞን ወረቀት ሳይዙ፣ ባዶ እጃቸውን፣ በር በር እያንኳኩ ዞሩ። አንዳንዱ ከውስጥ «የለሁም» ይላል፣ በራሱ አፍ።

ቆጠራው የተደረገው በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ፣ ገና በብርሃን ነው። ዕጩዎቹ የተማሪ ዴስክ ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ የጋሽ ጡሩምባ ጉልበት ከዴስኩ በላይ ወጣ። አጠገባቸው የትራክተር ዕጩ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤቱ፣ ስልኩን ይነካካል። ሰው መስኮቱን ሞልቶታል። ኮሮጆው ተከፍቶ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አስቆጣሪዋ እያንዳንዱን ከፍ አድርጋ እያሳየች ታነባለች።

«ትራክተር። ትራክተር። ትራክተር። ትራክተር።»

ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሆነ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ራሱ እጅ እጅ ሲለው አዛጋ። ከዚያ፦

«ፋኖስ።»

ያ ሁሉ ፊት ዞሮ አፈጠጠባቸው። «እሷ የራሳቸው ናት!» አለ አንዱ ከመስኮቱ። ሳቅ ሆነ። ሌላ ብዙ ትራክተር ተነበበ። ደግሞ «ፋኖስ።» አሁን ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር፤ ዝግ ቤት ውስጥ መጥፎ ሽታ የለቀቀ ሰው እንደሚፈለግ። «ማነው? ማነው እሱ?» ይባባላል። ቲኬት ቆራጯ «እኔ አይደለሁም፣ ልጆቼን ይንሳኝ!» ብላ ማለች። ጋሽ ጡሩምባ ይህችኛዋን ድምፅ በልባቸው ለእህታቸው ሰጧት፤ ጥቂት ሙቀት ተሰማቸው።

አስቆጣሪዋ አንድ ወረቀት ገልጣ ዝም አለች። አጠገቧ ላለው ባለሥልጣን አሳየችው። «ጽሑፍ አለበት፣ ዋጋ የለውም» አላት። «ምን ይላል? ይነበብ!» ብሎ ሰው ጮኸ። ደንቡ በይፋ ማሳየት ነውና አነሳችው። ፋኖሷ ላይ ምልክት ተደርጓል፤ ከፋኖሷ በላይ በወፍራም እስክርቢቶ «ከቦታው አይነሳም» ተብሎ ተጽፏል።

መስኮቱ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ረዳት ድምፁን አወፍሮ፣ ሳይቸኩል፣ ልክ እንደ እሳቸው፣ «መናኸሪያው... ከቦታው... አይነሳም» አለ። ሌላው ተቀበለ። ከዚያ ሁሉም፤ ሴቱ፣ ወንዱ፣ ተሸካሚው፣ በአንድ ድምፅ። «መናኸሪያው ከቦታው አይነሳም! መናኸሪያው ከቦታው አይነሳም!» አስቆጣሪዋ አፏን በወረቀቱ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ጡሩምባ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸው ዐመድ መስሎ፣ ጀርባቸውን ሳያጎብጡ ቆጠራው እስኪያልቅ ተቀመጡ። የፋኖስ ድምፅ የአንድ እጅ ጣት አልሞላም። መናኸሪያውን ያፈረሰው ትራክተር የመናኸሪያውን ኮሮጆ ጠቅልሎ ወሰደው።

ሲወጡ እህታቸው በሩ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትጠብቃቸዋለች። ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ።

«አንዷ ያንቺ ነበረች» አሉ ጋሽ ጡሩምባ። «አውቄያለሁ። እግዜር ይስጥሽ።»

«የኔ አይደለችም።»

ቆም አሉ።

«ትራክተሩን ነው የመረጥኩት፣ ጋሼ።»

«ያፈረሰሽን?»

«አፈርሳለሁ ብሎ አፈረሰኝ። እጠላዋለሁ፤ ግን አልዋሸኝም። ሻይ ቤቴን ሸጬ እንዳልሄድ ያስቀረኝ ትራክተር ነው እንዴ? ጣሪያ ያሳደሰኝ እሱ ነው?»

«ፋኖስን ነው የምትዪው ወይስ እኔን?»

«በዚያ ማጉያ ስሰማ የኖርኩት የማንን ድምፅ ነው?»

ትንሽ ሄዱና «ታዲያ ለምን መጥተሽ ጠበቅሽኝ?» አሏት።

«እንዳይመቱህ።»

ያለምክንያት አላለችም። ማዕዘኑ ላይ፣ ቦዩ አጠገብ፣ መናኸሪያው ሲነሳ ሥራ ያጡ ረዳቶች ተሰብስበዋል። አንደኛው ድንጋይ ይዞ በእጁ ያገላብጠዋል። «መጡ! መጡ! አንድ ሰው ብቻ!» አለ ሌላው። ጋሽ ጡሩምባ ዝግ አላሉም። እህታቸው ግን ቀድማቸው ሄዳ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ምን ልትሆኑ ነው? ይሄን ልትመቱ? ምኑን ነው የምትመቱት? እዩት እስቲ! ሌላው አፉን ሸጦ ሚኒስትር ሆነ፤ ይሄ የኔ ጉድ አፉን በነፃ ሰጥቶ ሥራውን አጣ! የወሰደው ሰው እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ሳይለው! ለሥጋ እህቱ ያልሆነ፣ ለራሱም ያልሆነ። ያለቀለት ሰው ነው። ድንጋዩን ለሚረባ ሰው አስቀምጠው፤ ይሄ ላይ ይባክንብሃል!»

ጎረምሶቹ መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ አንዱ ፈንድቶ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ፤ የተንኮል ሳቅ አልነበረም፣ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። ድንጋይ የያዘው ጎረምሳ ዕንባውን ሲጠርግ ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ። እህታቸው ዘወር ብላ ሳታያቸው መንገዷን ቀጠለች።

ጎረምሳው በአንድ እርምጃ ቦዩን ተሻግሮ መጣና የጋሽ ጡሩምባን ክንድ ያዘ።

«ቦዩ ይጥልዎታል አባባ። ቀስ ይበሉ።»

እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር አባባ ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ክንዳቸውን ሊያስለቅቁ ሳብ አደረጉት፤ ጎረምሳው አጥብቆ ያዛቸው፣ እንዳይወድቁ።

«አይዞዎት አባባ» አለ፣ ከልቡ። «ከእንግዲህ ማንም አይነካዎትም።»